ያላቃጠልኩት ፎቶ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳን ተናግሬው አላውቅም። በየጾሙ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ምቀኝነቴን ዘርዝሬ ስጨርስ፣ «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። ነበረ። ሳጥኔ ውስጥ፣ ከልብሶቼ ሁሉ ሥር፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ነበረ።

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ሳጥኑን ሲያነሣልኝ አገኘውና፣ «እማማ፣ ይሄ አርበኛ ወንድምሽ ነው? እናስተልቀውና ሳሎን እንስቀለው እንጂ!» አለኝ። ከእጁ ነጠቅኩት። ደነገጠ። እሱ ምን ያውቃል?

ፎቶው ላይ ሁለት ወጣቶች ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል። ጎፈሬውን ያሳደገው ወንድሜ ተሰማ ነው። እጁን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገበት ደግሞ መኮንን ነው፣ የጎረቤታችን የእትዬ የሺ አንድያ ልጅ። ዱር ሳሉ የተነሡት ነው። ተሰማ ከወረራው በፊት አንድ አርመን ፎቶ ቤት ይሠራ ስለነበር፣ በድብቅ አሳጥቦ ከሌሎች ፎቶዎች ጋር ላከልን። እናቴ እንዳየቻቸው፣ «ዛሬውኑ አቃጥያቸው፤ ያስጨርሱናል» አለችኝ። ጣሊያን ቤት ለቤት ይፈትሽ ነበር።

ሌሎቹን አቃጠልኩ። ይህኛው ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። የመኮንንን ፊት ቆርጬ ልጣል ብዬ መቀስ አነሣሁ፤ ግን መኮንንን ብቆርጥ የወንድሜም እጅ አብሮ ሊቆረጥ ነው። ተውኩት። ለእናቴ «ሁሉም ነዷል» አልኳት።

ብዙም ሳይቆይ የተሰማ መርዶ መጣ። መኮንን ቀደም ብሎ በስውር ከተማ ገብቶ፣ ዛሬ ካዛንቺስ በምንለው ሰፈር ጣሊያኖች በሚያሠሩት ቤት ድንጋይ ይጠርብ ነበር። ድንጋዩን እየጠረበ የሚሰማውን ወሬ ወደ ዱር ይልካል። ይህን የምናውቅ የሁለታችን ቤት ሰዎች ብቻ ነበርን።

ቂርቆስ አጠገብ ባለችው ቤታችን ለቅሶ ተቀመጥን። ለአርበኛ ማልቀስ ስለማይቻል «በወባ ሞተ» አልን። ሬሳ የለም። ልብሱንም ጫማውንም በፍርሃት አስቀድመን አቃጥለናል። አልቃሾቹ ቆመው፣ «ምኑን ይዘን እናልቅስለት?» አሉ። ለሟች በባዶ እጅ ይለቀሳል? አንዲት ሴት ደግሞ በጎን፣ «ለካ ስንት ሲወራለት አልጋው ላይ ነው የሞተው» ስትል ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ጓዳ ገባሁና ፎቶውን ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ ወጣሁ፤ በለቀስተኛው መሐል ዞርኩ።

እናቴ ነደደ ያልኳትን ስታይ አፏን ያዘች። ሰዉ ግን እንዴት አለቀሰለት! እኔ ኮራሁ። አዎ፣ ኩራት ነው፤ ሐዘን ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። እትዬ የሺ በሰው መሐል እየተጋፉ መጡና ጆሮዬ ሥር፣ «ልጄን ደብቂልኝ» አሉኝ። ሰማኋቸው። ሰምቼ፣ ፎቶውን እንዳነሣሁ አንድ ዙር ደገምኩ። ለምን ደገምኩ? ያቺ ሐሜተኛ ገና አላየችውም ነበራ!

መኮንንን ከሥራው ቦታ ወሰዱት። ሰቀሉት። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። ከፍ አድርጌ ያሳየሁት ግን እኔ ነኝ። እኔ።

የእኛንም ቤት በረበሩ፤ ምንም አላገኙም። ሬሳውን ለእናቱ አልሰጧቸውም። እትዬ የሺ እኛ ቤት መጡ። ይረግሙኛል ብዬ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። አልረገሙኝም።

«የመኮንን ሌላ ፎቶ የለኝም» አሉኝ። «ያንን ስጪኝ፣ ይዤ ላልቅስበት። አሁንማ ማንን እደብቃለሁ?»

«አቃጠልኩት» አልኳቸው። ቀሚሴ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ ነበር።

«ደግ አደረግሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

ለልጃቸው የድንጋይ መዶሻውን ይዘው አለቀሱ፤ የጣሊያንን ቤት የሠራበትን መዶሻ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ደረቴን ደቃሁ።

ፈርቼ ነው ስል ኖሬያለሁ። እንግዲያ ጣሊያን ሲወጣ ለምን አልሰጠኋቸውም? ፍርሃት አልነበረም። ወንድሜን ከሰው ጋር መካፈል አልፈለግኩም፣ በቃ። እትዬ የሺ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ለዓመት በዓል ስጠይቃቸው፣ «የመኮንን መልክ እየጠፋብኝ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔ ቤቴ እገባና ሳጥኔን ከፍቼ መልኩን አየው ነበር።

አሁን የልጅ ልጄ ለሳሎኑ ይለምነኛል። አልሰጠውም። የእትዬ የሺ የእህት ልጅ ቄራ አካባቢ ትኖራለች፤ ፎቶውን ሳልቆርጥ፣ ከዚህ ጽሑፍ ጋር ለእሷ እልካለሁ። ወንድሜም አብሮ ይሂድ።

ይቅርታ ግን ከማን ልለምን? ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እትዬ የሺ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ «ደግ አደረግሽ» እንዳሉኝ፣ እውነቱን ሳያውቁ ሞቱ።