በውሃ የተሣለው ፈረስ

የግቢያችን ሲሚንቶ የእኔ የልብስ ማጠቢያ ነበር፤ ቻይናው ከኋላ ያለውን ሰርቪስ ቤት እስኪከራይ ድረስ። አሰላ በአስተማሪነት ተመድቤ ስመጣ ብርዱን እንጂ እሱን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ቻይና ሁሉ መንገድ ሠሪ ስለሚመስለን ሰፈሩ «የሮቤን መንገድ መቼ ነው የምትጨርሱት?» እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣው። አንዷ ጎረቤትማ የተበላሸ ቴሌቪዥን ተሸክማለት መጣች።

ሰውዬው ግን ሠዓሊ ነው። በቀለም ቢሆን እሺ፣ በውሃ! በጠዋት ይነሳና መወልወያ የሚያህል ብሩሹን ባልዲ ውስጥ ነክሮ ሲሚንቶው ላይ ይሥላል፤ ከዚያ ሥዕሉ እስኪደርቅ በስልኩ ይቀርጻል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። አገሩ ላይ ሰው ይህን ለማየት እንደሚሰለፍ በስልኩ አስተርጓሚ ነገረኝ። «እኔስ ስንት ሸሚዝ አድርቄያለሁ፣ ማን ተሰለፈልኝ?» አልኩት። ስልኩ ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ።

አከራያችን ጋሼ ግን ወደዱት። ድሮ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ፈረስ ነበራቸው። ፈረሱ ከሞተ ቆይቷል፤ የነበረችው አንድ ፎቶም ከልጃቸው ስልክ ጋር ጠፋች። አንድ ቀን «መልኩ ከዓይኔ እየጠፋብኝ ነው፤ አንቺ ልጅ፣ እስቲ ለዚህ ሰው ንገሪልኝ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ጣጣው ከዚያ ጀመረ። ጋሼ ለእኔ፣ እኔ ለስልኩ፣ ስልኩ ለቻይናው። መጀመሪያ የወጣው አህያ ነው። «ምነው፣ ምን በደልኩት?» አሉ ጋሼ። በማግስቱ ግመል መጣ። ጋሼ ትዕግስታቸው አለቀና አንገታቸውን ቀስረው፣ እያሽካኩ፣ ግቢውን በሶምሶማ ዞሩት። እኔ በሳቅ ልሞት! ቻይናው ግን ትክ ብሎ አያቸውና «አሃ!» አለ።

ያን ዕለት ፈረሱ መጣ። ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ ደረቅ ሲሚንቶ አድርጎ ተዋት። «እሱ ነው! ራሱ ነው!» ብለው ጮኹ ጋሼ። ወዲያው ፀሐይ ወጣች፣ ጭራው መጥፋት ጀመረ። በስልክ ላንሳልዎት ብላቸው «ስልክማ አንዴ አጥፍቶብኛል!» ብለው አፈጠጡብኝ። ጋቢያቸውን አውልቀው ጋረዱት፤ እኔ አንሶላ ዘረጋሁ፤ ጎረቤቷ ጃንጥላ ይዛ ሮጠች። ጋሼ አላስቻላቸውም፤ እንዳይደርቅ ብለው ባልዲውን ሙሉ ቸለሱበት። ፈረስ የለ ምን የለ፣ ኩሬ ሆነ! ቻይናው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፣ እኛም ተከተልነው። ጋሼ ግን ዓይናቸውን በጋቢያቸው ይጠርጉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ፈረሱን ሣለላቸው። አገሩ ሲመለስም ብሩሹን ትቶላቸው ሄደ።

እፎይ ብዬ በማግስቱ ልብሴን ይዤ ብወጣ፣ ጋሼ ጎንበስ ብለው ይሥላሉ። የሣሉት ያው አህያውን ነው፤ ነጯ ግን ቦታዋን አልሳተችም። ልብሴን አስቀምጬ አጠገባቸው ቆምኩ። እግሮቹ ደረቁ፣ አንገቱም ተከተለ።

«ዛሬስ ቶሎ ሄደብዎት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ምን ላድርገው» አሉ ብሩሹን እንደገና ባልዲው ውስጥ እየነከሩ፣ «ድሮም ፈጣን ነበር።»