የካንዴላው መልክ

«አንቺ እኮ ሦስት ወር የቆየሽበት ሥራ የለም፤ ዛሬ መጥተሽ እኔን ልታርሚኝ ነው?» አሉኝ ጋሼ በላይ፣ ካቻቢቴውን አፍንጫዬ ሥር እያወዛወዙ።

እውነታቸውን ነው፤ ሦስት ወር የቆየሁበት ሥራ የለም፣ ስለዚህ አልተቀየምኩም። ያልኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አሁን አስተካክለው የጨረሷት ቀይ ሞተር ነዳጅ አንሷታል፣ ድምጿ ድርቅ ብሏል። ሞተሯ መሀላችን ቆማ እንደ ወባ ትንኝ በቀጭኑ ትጮኻለች፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ለእሳቸው የደረሳቸው የለም። ከኋላዋ የሚወጣው ጭስ፣ ያ የተቃጠለ ዘይትና ቤንዚን ሽታ፣ ሲያጥነኝ የስንት ዓመት ድካም አንድ ላይ መጣብኝና ቦርሳዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሽታውን የማውቀው ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ነው። ያኔ እኔና እናቴ እዚሁ መቱ፣ ከጋሼ በላይ ጋራዥ ጀርባ በተከራየናት አንዲት ክፍል እንኖር ነበር። ጋራዥ ይባል እንጂ አራት ቋሚ፣ ጥቂት ቆርቆሮና ለምልክት የተሰቀለ አሮጌ ጎማ ነው፤ ዝናብ ሲጥል፣ መቱ ላይ ደግሞ የማይጥልበትን ቀን መቁጠር ይቀላል፣ ቆርቆሮው ስለሚያደነቁር ሰው የሚነጋገረው በእጅ ነበር። እናቴ ቡና ለቀማ መጋዘን ስትውል እኔ ከትምህርት ቤት መልስ አንድ የተገነጠለ የመኪና ወንበር ላይ ተጎልቼ የጋሼ በላይን እጅ ሳይ እውላለሁ። እጃቸው ሥራ ፈትቶ አይቼ አላውቅም፤ ደንበኛ ሲጠፋ ትናንት የገጠሙትን ፈትተው እንደገና ይገጥማሉ።

የዚያን ጊዜ ሞተሮች አብዛኞቹ ዘይታቸውን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅለው የሚጠጡ፣ ሁለት ምት የሚባሉት ናቸው። ጋሼ በላይ ሌላ መለኪያ አያውቁም፤ ለሁለት ሊትር ቤንዚን አንድ ሲኒ ዘይት፣ አለቀ። ሲኒዋን ከቤት ያወጧት «ለዛሬ ብቻ» ብለው ነበርና ሚስታቸው እትዬ ጥሩነሽ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከጓዳ ሆነው ይጠይቋታል፣ እሳቸውም «መጣች» ይላሉ፣ ሲኒዋ ግን ከውስጧ እስከ አፏ ጠቁራ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ክረምት ሲወጣ ደግሞ የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው፣ ይፈታና ውስጡ የተጋገረው ጥቀርሻ እንዲቃጠል ከቡና መፈልፈያው ጀርባ የተከመረው ገለባ ውስጥ ይቀበራል። ገለባ አይነድም፣ ሲጤስ ይውላል። አመሻሽ ላይ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ ተሸክሜው ስመለስ ልብሴ የቡናና የዘይት ጭስ እየሸተተ እናቴ ከደጅ አስወልቃኝ ነበር የምታስገባኝ።

ከሁሉም የምወዳት ይህችኑ ቀይ ሞተር ነው። ባለቤቷ ኦቦ ገመቹ የክትባት ሠራተኛ ናቸው፣ የኖፓ ሰው። አንድ የመንገድ መሐንዲስ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ትቷት ነው የገዟት፤ ቀላል፣ መሪዋ ዝቅ ያለ፣ አስፋልት ላይ ለመሽቀዳደም የተሠራች ሞተር፣ በዚያ በድንጋይና በጭቃ መንገድ። ረጅሙ ኦቦ ገመቹ ጉልበታቸውን አጥፈው ሲጋልቧት ሊዘል የተዘጋጀ እንቁራሪት ይመስላሉ። ኖፓ ያሉ ልጆች ድምጿን ከሩቅ ያውቁት ነበርና ገና ሳትደርስ መርፌውን ሸሽተው ቡናው ውስጥ ይበተናሉ። አንድ ዓመት ጋሼ በላይ ማርሚታዋን አቃጥለው ካጸዱላት በኋላ ድምጿ ሌላ ሆነና ልጆቹ ሳይሸሹ ተያዙ፤ እናቶቹ ለጋሼ በላይ ማር ላኩላቸው። እኔ ከማሩ ደርሶኛል፣ ለልጆቹ ግን ዛሬም አዝናለሁ።

ሁለት ነገር ነው ያስተማሩኝ። አንደኛው እሳት የምትረጨውን ትንሿን ካንዴላ ማንበብ ነው። ሞተሯን በሙሉ ጉልበት ነድተሽ ድንገት ታጠፊያታለሽ፣ ካንዴላዋን ነቅለሽ ጫፏን ታያለሽ። በደንብ የተቆላ ቡና መልክ ካላት ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ካረረች ነዳጁ በዝቷል፤ እንደ አመድ ከነጣች ተርቧል፣ በዚያ ረሃብ ቁልቁለት ላይ ከተነዳ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቆማል፣ ጎማው ይታሰራል፣ ነጂው ይወረወራል። ሁለተኛው መስማት ነው። ዓይኔን ያስጨፍኑኝና የካርቡራተሩን ብሎን በቀስታ ያዞራሉ፤ ድምፁ ከቀጭን ወደ ወፍራም ሲወርድ ይቆይና አንድ ቦታ ላይ፣ ምጣድ ላይ እንደሚንኳኳ ባቄላ፣ ይገጥማል። እዚያች ቦታ ላይ እጄን ማንሳት አለብኝ። መጀመሪያ ላይ እየተሳሳትኩ አስቃቸው ነበር፣ በኋላ ግን ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ቆይ፣ ልጅቷ ትስማው» ማለት ጀመሩ። እስከ ዛሬ ስለ እኔ እንዲህ ያለ ሰው አልገጠመኝም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮዬ ለመናገርም አይመች። አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ እናቴ ሞተች፣ ያዮ ማር ነጋዴ ዘንድ ሠራሁ፣ ጋምቤላ ልብስ ሸጥኩ፣ ከሁሉም ጋር ተጣልቼ ወጣሁ። አሁን በደሌ አንድ ሆቴል ገንዘብ ተቀባይ ልሆን ነው፤ መኪናዬ አምስት ሰዓት ላይ ነውና በዚያው ጋሼ በላይን ልሰናበት ብዬ ገባሁ። በር ላይ እትዬ ጥሩነሽ ክንዴን ያዙኝ። ጆሮው ሄዷል አሉኝ በሹክሹክታ፣ ለማንም አልተናገረም፣ የሰው አፍ እያየ ነው የሚመልሰው፣ አንቺም እንዳትነግሪው፣ ሥራውን ካጣ ይሞትብኛል። ባለፈው ወር እሳቸው የሠሩት ሞተር ቡሬ መንገድ ላይ ተጣብቆ አንድ ወጣት ትከሻው ተሰብሯል፤ ዘይት ሳይቀላቅል ቢነዳ ነው አሉ ጋሼ በላይ፣ ሰውም አመናቸው። ነገሩን ሰምቼ ስገባ ቀይዋ ሞተር እየጮኸች ጠበቀችኝ።

ኦቦ ገመቹ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ሸብተዋል፣ የክትባቱ በረዶ ሣጥን ግን ያው ነው፣ ከሞተሯ ኋላ ታስሯል። ሲያዩኝ «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ!» ብለው፣ እንዴት አደርሽ ልጅት ማለታቸው ነው፣ እጃቸውን አነሱልኝ። ከምሳ በፊት ኖፓ መድረስ አለባቸው፣ ወደዚያ ደግሞ ቁልቁለቱ ብዙ ነው። ልነግራቸው እችላለሁ፤ ግን ስነግራቸው ጋሼ በላይ በሃያ ዓመት ደንበኛቸው ፊት ያልቃሉ። ዝም ብል ደግሞ ሰውዬው መንገድ ላይ ናቸው። ከቦርሳዬ ላይ ተነሳሁና ጋሼ በላይ ፊት ቆሜ፣ አፌን በደንብ እንዲያዩት አድርጌ፣

«ጋሼ፣ ጆሮዎ አይሰማም» አልኳቸው።

አዩኝ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ለኦቦ ገመቹ አልቋል ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

ጋራዡን ዞሬ አየሁት። የመኪናው ወንበር የለም፣ ቆርቆሮው ዝጓል፣ በውጭ በኩል ባጃጁና ዘይት ከቤንዚን ጋር የማይጠጡት አዲሶቹ ሞተሮች ይተላለፋሉ፣ አንዱም ለጥገና አይቆምም። መፈልፈያው ጀርባ ገለባውን አጥረውታል። ኖፓ ላይ ከዚህች ሞተር የሚሸሽ ልጅ አሁን ያለ አይመስለኝም፤ የዱሮዎቹ ሸሺዎች የራሳቸውን ልጆች ይዘው የሚመጡበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ያ ሁሉ ያስቀኝ የነበረ ነገር ሲቆጠር የቀረው አንድ ጥቁር ሲኒ፣ አንዲት ሞተርና የእኔ ጆሮ ነው። እኔ ደግሞ ቦርሳዬን ይዣለሁ።

ኦቦ ገመቹ ሂሳብ ሊከፍሉ ሲነሱ እኔ ሞተሯ ላይ ወጣሁ። አንዴ ዞር አድርጌያት ልምጣ አልኩና መልስ ሳልጠብቅ ወደ ላይኛው ሰፈር ጋለብኳት፣ ዳገቱን በሙሉ ጉልበት፣ አናቱ ላይ አጠፋኋት፣ በዝምታ ቁልቁል እየተንሸራተትኩ ጋራዡ ደረስኩ። ካንዴላዋን ነቅዬ በነጠላዬ ጫፍ ያዝኳትና ከሲኒዋ አጠገብ፣ ጋሼ በላይ ፊት፣ አስቀመጥኩላቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ብርሃን ወዳለበት ወሰዷት፣ አዟዟሯት። እንደ አመድ ነጭ ናት።

«ገመቹ፣ ሻይ ድገም» አሉ ከዚያ፣ ጮክ ብለው። «ገና አላለቀችም።»

ካንዴላዋን መልሰው ገጠሙ፣ ሞተሯን አስነሱ፣ ካርቡራተሩ አጠገብ ተንበረከኩ። ካቻቢቴውን ብሎኑ ላይ አድርገው ቀና አሉና፣ ሞተሯን ሳይሆን እጄን ማየት ጀመሩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየወፈረ፣ አልፎ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ባቄላው ምጣዱ ላይ መጣ።

እጄን አነሳሁ።

ኦቦ ገመቹ ሣጥናቸውን አጥብቀው አስረው ወደ ኖፓ ወጡ። እኔም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።