ንቦቹ ባሌ ያጠበው ጋቢ ላይ አረፉ

ዛሬ ከሰዓት ባሌ አጥቦ ያሰጣው ጋቢ ላይ የንብ መንጋ ሰፈረ።

የኔ ሰው ንብ ይወዳል። ቅዳሜ ከሆነ ከቀፎዎቹ ሥር አይነሳም፤ ልብስ አጣቢዋም ልጅ አዛይዋም እኔ ነኝ። ጣውንት አለብኝ ብል አላጋነንኩም፤ ያውም ክንፍ ያላት።

ዛሬ ግን "ልብሱ ሳይታጠብ ቀፎ የሚባል ነገር የለም!" አልኩት። ሳይከራከር ሳፋ ይዞ ተቀመጠ።

ጋቢውን አስጥቶ ዞር ሳይል አንዱ ቀፎ ገነፈለ። ንቡ አውራውን ተከትሎ ወጥቶ ሰማዩን አጠቆረው።

አማቴ ከደጅ "ውሃ እርጪበት! አቧራ በትኚበት! ሊሄድ ነው!" እያሉ ጮሁ። በኛ አገር ሊኮበልል የተነሳ ንብ የሚመለሰው እንዲህ ነው። እኔም የቀረበኝን ሳፋ ብድግ አደረግሁ።

"እሱ የሳሙና ነው! ትፈጃቸዋለሽ!" አለኝ ባሌ።

ልጄን እንዳዘልኩ፣ ሳፋውን እንደያዝኩ በቆምኩበት ደረቅሁ። መንጋው ሁለቴ ዞረና እርጥቡ ጋቢ ላይ ተንጠለጠለ።

ባሌ በባዶ እጁ ጋቢውን ከነንቡ እንደ አራስ ልጅ አቀፈው። "ግቢ እናቴ፣ ግቢ የኔ እመቤት" እያለ፣ ትናንት ከአርብ ገበያ ያመጣው አዲስ ቀፎ ውስጥ ቀስ አድርጎ አራገፋቸው። አንዲትም አልነደፈችው።

ድምፁን አውቀዋለሁ። ልጃችን አልተኛም ስትል የሚያባብልበት ነው። ለካ የተማረው እዚህ ኖሯል!

የእናንተስ ሰው ልቡ የሚሸፍተው ወዴት ነው? አንድ ቀን ቆማችሁ አይታችሁታል? እስቲ አጫውቱኝ።

እኔ የቀረውን ልብስ ልጠብ። እሱ ንቦቹን እያስተኛ ነው።