በሌሊት ልብስ እጅጌ ላይ የተገኘው ጥቁር ቀለም

በፈረንሳይ አገር፣ ሳንቪክ በምትባለው መንደር የሰውን ገመና ከቄሱ ይልቅ የምታውቀው ልብስ አጣቢዋ ዜሊ ነበረች። ቄሱ የሚሰማው የነገሩትን ብቻ ነው። ዜሊ ግን ማን አልጋ እንደለየ፣ ማን ደም እንደሚያስለው፣ ማን ሰክሮ እንደወደቀ ከጨርቁ ትረዳለች። ፊደል ላይ ደካማ ናት፤ ስሟን መጻፍ እንኳ ያስተማራት የመንደሩ አስተማሪ ሙሴ ፔሪካር ነው፤ ሙሴ በነሱ አገር አቶ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ መጽሐፍ ሰበብ ሰው ሁሉ ሲነሳበት አንጀቷ አረረ።

መጽሐፉ ከፓሪስ የመጣ ልብ ወለድ ነው። ሽፋኑ ላይ «ፒየር ዶርሜ» የሚል ማንም የማያውቀው ስም ተጽፏል። ውስጡ ግን መንደሯ ራሷ ናት፤ የጋራውን ደን በድብቅ አስቆርጦ የሸጠ ከንቲባ ሳይቀር አለበት። የእውነቱ ከንቲባ ሙሴ ቮደል ሲያነበው ጠረጴዛ ደበደበ። የማዘጋጃ ቤቱን ወረቀት የሚጽፈውም የሚያስቀምጠውም አስተማሪው ነው፤ ታዲያ ከሱ ሌላ ማን ሊሆን! እሑድ ምክር ቤቱ ፊት ቆሞ ካላስተባበለ ከመንደሩ ሊያስነቅለው ማለ።

«እኔ ድሮም ዓይኑ አያምረኝም» አለች አንዷ፣ ማጠቢያው ቦታ ላይ አንሶላ እየደበደበች።

«ደህና አደርሽ ሲልሽ እኮ እየመዘገበሽ ነው!» አለች ሌላዋ።

«አንቺን መዝግቦ ምን ሊያተርፍ?» አለች ዜሊ። «የባልሽን የካልሲ ቀዳዳ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ዜሊ ሰውን ሁሉ ተጠራጠረች፤ የእያንዳንዱን እጅጌ ወደ ብርሃን እያነሳች ታይ ጀመር። የአስተማሪው እጅጌ ቀለም ነክቶታል፤ ግን ሐምራዊ፣ የትምህርት ቤቱ ቀለም ነው። የቄሱን እጅጌ የነካው የሻማ ሰም ነው። ጥቁር ቀለም ያገኘችው በአንድ ልብስ ላይ ብቻ ነው፤ በከንቲባው ሚስት የሌሊት ልብስ ቀኝ እጅጌ ላይ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ስታስለቅቀው ኖራለች! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስለ ከንቲባው የጻፈችው አብራው የምታድር ኖሯል።

ልብሱን ይዛ ሄደች። «ማዳም፣ ይሄ ከየት መጣ?»

ማዳም ቮደል አመድ መሰለች። «እሱ ሳይነሳ፣ ማለዳ ማለዳ ነው የምጽፈው። ዝም በይ ዜሊ፣ ካወቀ ያጠፋኛል።»

«ሙሴ ፔሪካርስ ይጥፋ?»



እሑድ ዜሊ ምክር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የአስተማሪውን ሸሚዝና የማዳምን የሌሊት ልብስ ጎን ለጎን ዘረጋች። «እኔ የማውቀው እድፍ ነው» አለች። «የሱ ሐምራዊ፣ የሳቸው ጥቁር። መጽሐፉን የጻፉት ማዳም ናቸው።»

ከንቲባው ቀለም የነካቸውን ሁለቱን ልብሶች ጎን ለጎን አየ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ሳይሆን ወደ አስተማሪው ዞረ።

«አንተ! ሚስቴ መኝታ ቤት ገብተሃል?»

«ኧረ ቀለሙን ይዩት እንጂ!» ብላ ጮኸች ዜሊ። ማን ሰምቷት! ቅንድብ አበጃለሁ ብላ ዓይን አጠፋች።

ማዳም ቮደል ከኋላ ተነሳች። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «እዩዋት፣ ውሽማዋን ልታድን!» አለ አንዱ። እነዚያ ሰዎች ሴት ትወሰልታለች ቢሏቸው ወዲያው ያምናሉ፤ ሴት መጽሐፍ ጻፈች ቢሏቸው ግን ይስቃሉ። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ሙሴ ፔሪካር ማክሰኞ በባቡር ሄደ፤ የተሰናበተው ሰው የለም።

በማግስቱ ማዳም ቮደል የልብሷን ቅርጫት በገረድ ሳትልክ ራሷ ይዛ መጣች። ዜሊ ስድብ ጠብቃ አንገቷን ደፋች።

«ከዚህ ሁሉ ሰው» አለች ማዳም ቀስ ብላ፣ «እንደጻፍኩት ያመንሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

በጥፊ ብትመታት ይሻላት ነበር።