ያልጻፍኩት ግለ ሂስ

ያሰሩኝ በስብሰባ ስለተናገርኩ ነው። ላሊበላ ያለው ሰፈራችን ይነሳል ሲሉን "ወዴት?" አልኩ፤ ሌላ አልወጣኝም። ስብሰባው ሳይበተን ወሰዱኝ።

ክፍሏ የድሮ እህል መጋዘን ናት፤ ግድግዳዋ ገና ገብስ ገብስ ይሸታል። ውስጥ ያገኘሁት አንዲት የቄስ ሚስት ብቻ ነው፤ በዚያው በሰፈሩ ጉዳይ የታሰሩ፣ እናቴን የሚያህሉ።

"ግቢ ልጄ፤ ተነስቼ አልቀበልሽም፤ እግሬ ከድቶኛል" አሉኝ።

መደንዘዙ ከጣታቸው ተነስቶ ጉልበታቸው ደርሷል። ዘበኛው ለምርመራ ሲጠሩ ብቻ የሚሞት እግር ነው እያለ ያላግጥባቸዋል። ባላቸው አንድ ጀሪካን ጠበል ላኩ። በእኛ ዘንድ ጠበል በባዶ ሆድ፣ ሆድ እስኪነፋ ነው የሚጠጣ። ሦስት ቀን ደግፌ በጣሳ በጣሳ አጠጣኋቸው። በቃኝ ሲሉም አንድ ይጨምሩ እላለሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ማን እንደሆንኩ ጠፋባቸው። "እማዬ፣ በጎቹን አስገቢያቸው" አሉኝ።

በሩ ሲከፈት የእስር ቤቱን አዛዥ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው አልኩት። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። ሕዝብ አሳስቻለሁ፣ አጥፍቻለሁ ብዬ ግለ ሂስ ልጽፍ፤ መኪናው ከዚያ ሊታዘዝ።

እስክሪብቶውን መለስኩለት። ሴትዮዋን በጋቢያቸው አዝዬ በተከፈተው በር ወጣሁና ከግቢው የፍርግርግ በር ፊት ቆምኩ። ቅዳሜ ነው፤ በውጭ የሚያልፈው ገበያተኛ ሸክሙን እያወረደ በፍርግርጉ ያየን ጀመር።

"አውርጃት" አለኝ አዛዡ።

"መኪና ላይ አወርዳቸዋለሁ።"

"ይደክምሻል።"

"እናየዋለና።"

ፀሐይ አናቴ ላይ ስትደርስ ገበያተኛው ከበሩ ውጭ ሞልቶ ነበር። መኪናው መጣ።

ከወራት በኋላ ተፈትቼ ልጠይቃቸው ስሄድ በከዘራ ይራመዳሉ። ሐኪሙ ያስረዳቸውን ነገሩኝ። የገላቸው በሽታ መከላከያ ዞሮ የገዛ ነርቫቸውን መትቶ ነው እግራቸው የከዳቸው። በዚያ ላይ ውሃን በገላ የሚያስቀረው ሆርሞን በዝቶ፣ የጠጡት ሳይወጣ ደማቸው ውስጥ ያለውን ጨው አቀጠነው። አእምሯቸውን ያሳተው እሱ ነው። ሆስፒታል መጀመሪያ ያደረጉት ውሃ መከልከል ነበር።

"ዘበኛው ያልገደለኝን አንቺ ልትገድይኝ ነበር" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ዛሬ ግለ ሂስ ጻፊ ብባል ይኸው፦ ሳልጠይቅ ቀዳሁ፤ በቃኝ ሲሉ አልሰማሁም። ጠበሉ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። "ወዴት?" ማለቴን ግን እንደ ጥፋት ያኔም አልጻፍኩትም፤ አሁንም አልጽፈውም።