ከሰሊጥ አገዳ የወጣ ዘይት

ባለቤቴ ሞታለች፤ አርባዋ ገና አልወጣም። ሥራዋ የቆላ ሰሊጥ አገዳን አየር በማይገባው ምድጃ በቅጽበት አግላ፣ ጭሱን አቀዝቅዛ፣ ለነዳጅ የሚሆን ጥቁር ዘይት ማውጣት ነበር። ያወጣችው የመጨረሻ ጠርሙስ ካዛንቺስ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ትናንት ከሥራ ስገባ፣ ልጄን የሚጠብቁልኝ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከዚያ ጠርሙስ እየቀዱ የልጅቷን ደረት ያሹ ነበር።

«እትዬ፣ ምን እየቀቧት ነው?»

«ጥቁር አዝሙድ ነዋ! ስትስል አትሰማም? የዛሬ አባት!»

«ኧረ ነዳጅ ነው! ቆዳ ይልጣል!»

«ውይ በሞትኩት! እኔማ ጭስ ጭስ ብሎኝ ነበር።»

ልጄን ተሸክሜ ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። ውሃውን ስከፍት ደረቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«አባቢ፣ አትጠበኝ። እማዬ እማዬ እሸታለሁ።»

እጇን ቀስ ብዬ አነሳሁና ሽታው ጨርሶ እስኪለቅ በሳሙና አጠብኳት።