ባለቤቴን እየተራመዱ መጠየቅ

በቢቸና ከተማ ሬዲዮ የሚጠግን፣ የግድግዳ ሰዓት የሚያስተካክል፣ የመድኃኒት ወረቀት አንብቦ ለጎረቤት የሚያስረዳ ሰው ቢፈለግ ጣት የሚቀሰረው ወደ እኔ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ብቻዬን ነው። አስተማሪዬ ራሴ ነኝ፤ እሱም ከእኔ የተሻለ ተማሪ አላገኘም።

ባለቤቴን የልብ ድካም ያዛትና ከአልጋዋ እስከ በር መድረስ አቃታት። የልጅ ልጃችን ሞጣ ላይ ልትዳር ቀን ተቆርጦ ነበር። «በሰው ሸክም ዳስ ከምገባ ብቀር ይሻለኛል» አለችኝ።

ሞጣ የምትከታተላት ነርስ መድኃኒቱ እንደተስማማት አይታ፣ «እማማ፣ አሁን ቤትዎ ሆነው በእርጋታ ይንቀሳቀሱ። ከወንበር መነሳት፣ መቀመጥ፣ ግቢ ውስጥ መራመድ። እየተራመዱ ማውራት ካቃተዎ ቆም ይበሉ። ደረትዎን ካመመዎ ወይም እግርዎ ካበጠ ይምጡ» አለቻት። አንዴ ሰምቼ ያዝሁት።

ያስቸገረን ጠያቂ ነው። በእኛ አገር ታማሚ የሚጠየቀው ተኝቶ ነው። ገና ከወንበሯ ስትነሳ ውሻው ይጮሃል፤ እሷም ጋቢዋን ስባ አልጋዋ ላይ ትወጣለች። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ቀኑ ያልቃል።

አሰብሁበትና በር ላይ ቆምሁ። ለመጣው ሁሉ፣ «ጓሮ ናት፤ አብራችኋት እየዞራችሁ ጠይቋት» ማለት ጀመርሁ።

ታላቅ እህቷ ነደዱ። «አንተ ሰው፣ እህቴን እንደ አውድማ በሬ ታዞራታለህ?»

«እትዬ፣ አንድ በሬ ብቻውን አያበራይም፤ እርስዎም ይግቡ።»

ሳቃቸው ቀደማቸው፤ ነጠላቸውን አደግድገው ገቡ። ሁለቱ የሰፈሩን ወሬ እያነሱ ይዞራሉ፤ እኔ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጬ አዳምጣለሁ። የባለቤቴ ድምፅ ሲቆራረጥ፣ «ቁሙ!» እላለሁ።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንኸው?» ትለኛለች። መጀመሪያ ላይ ስድቡን በሦስት ትንፋሽ ነበር የምትጨርሰው። እያደር በአንድ ትንፋሽ ስትወርድብኝ ደስ ይለኝ ጀመር።

ሠርጉ ደረሰ። ዳሱ በር ላይ እጄን ለቀቀች። መሐል ስትደርስ ቆም አለች፤ ደነገጥሁ። ለካ የቆመችው የድሮ ጎረቤቷን ልትስም ኖሯል። ከዚያ ሙሽራዋ ዘንድ ሄዳ፣ ቆማ መረቀቻት።

እንግዲህ የእኔ ሥራ ይኸው፦ የተኛችውን አስነሣሁ። የጠያቂን ሥርዓት ለወጥሁ። እህቷን አስዞርሁ፤ የእሳቸውም ጉልበት ተፍታታ። ሚኒባስ ላይ የፊት ወንበር አስለቀቅሁላት። የሚያሸናት መድኃኒት ስላለ እስከ ሞጣ ድረስ ሹፌሩን ደጋግሜ አስቆምሁት፤ ቢያጉረመርምም አንድም ጊዜ እምቢ አላለኝም።